ሬዲዮው «ጎበዞች» ሲል

ልጄ ሄለን ኮምፒውተር አማርኛ ስታስተምር ከረመች። ሕፃናት ጮክ ብለው ሲያነቡ እየሰማ የሳቱትን የሚያርም ነገር ነው ከባልደረቦቿ ጋር የምትሠራው። የሁሉም ዓይነት ሰው ድምፅ ያስፈልገናል አለችና ባለፈው እሑድ ስልኳን አፌ ላይ ደገነችብኝ። ክረምቱ ጉልበቴን ይዞታል፤ ትንፋሼም እንደ ድሮው አይደለም። መነጽሬን አስተካክዬ፣ ሁለት ቃል አንብቤ አረፍ ስል፣ ስልኩ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ «በጣም ጥሩ! ወደሚቀጥለው እንለፍ» አለኝ።

«ገና መቼ ጨረስኩ?» አልኩት።

ሄለን ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ይህን ችኮላ ከድሮ አውቀዋለሁ።

በደርግ ጊዜ፣ ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ጉለሌ፣ በቀበሌያችን አዳራሽ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበርኩ። አስተማሪ ስል... ዋናው አስተማሪ እንኳ ሬዲዮው ነበር። በውስጡ ያለው መምህር አንድ ዓረፍተ ነገር ያነብና «አሁን እናንተ!» ብሎ ዝም ይላል። ጥቂት ቆይቶ «ጎበዞች!» ይላል። ብናነብም ጎበዞች፣ ባናነብም ጎበዞች። የእኔ ሥራ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነበር። በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤት የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ጽሑፌ ተለጥፎልኝ ምድር አልበቃኝም፤ ጠመኔው እስኪሰበር ነበር የምጽፈው።

ተማሪዎቼ ሲነጋ እንጦጦ ወጥተው ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ናቸው። እነሱ ሲገቡ አዳራሹ እንደ ጉንፋን መድኃኒት ይሸታል። ከሁሉም የማልረሳቸው እትዬ ብርቄን ነው። ወገባቸውን ይዘው ነበር የሚቀመጡት። ልጃቸው የምሆነውን «የኔታ» ይሉኛል፣ ለሹፈት።

«የኔታ፣ ዛሬስ አይቆጡንም?»

ማንበብ ጀምረዋል፤ ግን እያንዳንዱን ፊደል እንደ ድንጋይ አንስተው፣ አገላብጠው ነው የሚያስቀምጡት። ዓረፍተ ነገሩ መሃል ሲደርሱ ሬዲዮው «ጎበዞች!» ይላል።

«ይኼ ሰውዬ ምን ያጣድፈዋል? ማኪና ሊያመልጠው ነው?» ይላሉ። ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ።

ታዲያ አንድ ቀን የቀበሌው ሱቅ ሠራተኛ ሊቀጥር ነው ተባለ። ስኳርና ዘይት መስፈር፣ ከኩፖን ላይ ስም ማንበብ። የመሠረተ ትምህርት ፈተና ያለፈች ሴት ትቀድማለች። ይህን የሰሙ ዕለት እትዬ ብርቄ አልቀለዱም።

«ይቺን ወገቤን ከእንጦጦ ላወርዳት ነው» አሉኝ ቀስ ብለው።

ፈተናው ቅዳሜ ከሰዓት ሆነ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ፈተናውንም የሚመራው ሬዲዮው ነበር፤ መምህሩ ዝም ሲል አንዷ ተነስታ ታነባለች፣ የቀበሌው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ያዳምጣል። እትዬ ብርቄ ያን ዕለትም ሸክም አውርደው ነው የመጡት፤ ቀሚሳቸው እንደበሰበሰ ነው። ተነሱ። ጥቂት ቃላት እንዳነበቡ ሬዲዮው «ጎበዞች!» አለ።

«አልጨረሱም። ቀጣይ» አለ ሊቀ መንበሩ።

እትዬ ብርቄ አልተቀመጡም። ጣታቸው የደረሱበት ቃል ላይ እንዳለ መጀመሪያ ሬዲዮውን፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

ሄጄ ሬዲዮውን ዘጋሁት።

በዚያ ዘመን የመንግሥትን ሬዲዮ ሰው ፊት መዝጋት የልጅ ጨዋታ አልነበረም። ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ! ማን ፈቀደልሽ?»

«ጓድ... እያነበቡ እኮ ነው።» አልኩት።

እትዬ ብርቄ የእሱን መልስ አልጠበቁም። ጣታቸው ካለበት ቀጠሉ። አንዱን ቃል ሳቱት፤ ተመልሰው ራሳቸው አቀኑት። አላባቸው፤ እኔንም አብሮ አላበኝ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ጮክ ብለው «አራት ነጥብ!» አሉ። ከኋላ አንዷ እልል አለች። ሊቀ መንበሩ ሳቁን ለመደበቅ አቀረቀረ።

«ይሁን፣ አልፈዋል። አንቺ፣ ክፈቺው!»

ምስክር ወረቀቱን አገኙ። ሱቁ ውስጥ ግን የሌላ ሰው ዘመድ ገባችበት፤ የማን ዘመድ እንደሆነች ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አልተናገረም። ሰኞ ጠዋት እትዬ ብርቄ እንደ ወትሮው እንጦጦ ወጡ። ከዚያ ወዲያ ሲመለሱ ሸክማቸውን ሳያወርዱ በራችን ላይ ግድግዳ ያስደግፉና «የኔታ፣ ይስሙኝ» ብለው የቀበሌው አጥር ላይ የተጻፈውን መፈክር ያነቡልኛል። አራት ነጥብ የለውም፤ ራሳቸው ይጨምሩበታል። ባልዲ አንጠልጥዬም ቢሆን ቆሜ እሰማለሁ። የእንጦጦው ሸክም ግን ከጀርባቸው አልወረደም።

ሄለን ይህን ስነግራት ስልኩን አስቀምጣ ጠየቀችኝ።

«ስንት ደቂቃ ጠበቅሻቸው?»

«እስኪጨርሱ።»

«እማዬ፣ ለማሽን እንደዚህ አይነገረውም እኮ። ቁጥር ነው የሚፈልገው።»

«እንግዲህ እሱ የእናንተ ጣጣ ነው።»

ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራ ብዙ ቆየች። ልተኛ ስል «እስቲ አሁን» ብላ ስልኩን ደግማ ሰጠችኝ። በጣም ደክሞኝ ነበር። ሁለት ቃል አንብቤ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። ስልኩ ዝም አለ። ሌላ ሁለት ቃል አነበብኩ፤ አሁንም ዝም። ስጨርስ፣ እንዳይጠራጠር ብዬ፣ «አራት ነጥብ» አልኩት።