በማስቲሽ የተጣበቀው ሱፍ

አስመራ የገባሁት ፌዴሬሽኑ በፈረሰ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የተመደብሁት የአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ሲሆን፣ ከበታቼ ከነበሩት አራት ሠራተኞች አንዱ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ነበሩ። ደብዳቤው ሁሉ በትግርኛ ይጻፍ በነበረ ጊዜ የክፍሉ ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። ሥራው ወደ አማርኛ ሲዞር ወንበራቸውን ለእኔ ለቀው በመስኮቱ በኩል ወዳለችው ትንሽ ጠረጴዛ ተዛወሩ። አማርኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ ሲጽፉ ግን ትግርኛው ይቀላቀልባቸዋል። እኔ በቀይ እርሳስ አርሜ እመልስላቸዋለሁ፤ እሳቸው እንደገና ይገለብጡታል። ቅር ሲላቸው አላየሁም። ወይም ለማየት አልፈለግሁም።

ጋሼ እላቸው ነበር። እሳቸው ቢሮ ውስጥ “እርስዎ” ይሉኛል፤ ብለምናቸውም እምቢ አሉ። እሑድ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ከቅዳሴ በኋላ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተገናኝተን ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ዓዲ ጓዕዳድ እንሄዳለን፤ ከዚያ በእግራችን ወደ ግድቡ እንወርዳለን። ዓሣ ማጥመድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ውሃው ዳር ስንደርስ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ ያደርጉና “በል ወደይ፣ ዘንግህን አዘጋጅ” ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እዚያ “አንተ” ነበርሁ። በዚያ ከተማ የምወደው ቀን እሑድ ብቻ ነበር።

ጋሼ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ጣሊያን ትቶላቸው የሄደ፣ እስከ ጭን የሚደርስ የጎማ ቦቲ ነበራቸው። ትልልቆቹ ዓሦች ከዳር ራቅ ብለው ስለሚውሉ፣ እሱን አጥልቀው እስከ ጉልበታቸው ውሃው ውስጥ ይገባሉ። የቦቲው ሶል ግን አልቆ እንደ ሳህን ለስልሷል። የግድቡ ዳር ድንጋይ ደግሞ አረንጓዴ ነገር አብቅሎ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ጋሼ በእያንዳንዱ እርምጃ እጃቸውን ዘርግተው ሚዛናቸውን ሲጠብቁ ሳይ ልቤ ይሰጋ ነበር።

“ይህን ቦቲ እኔ አበጅልዎታለሁ” አልኋቸው አንድ እሑድ።

“አንተ? ጫማ መቼ ሠርተህ ታውቃለህ?”

“ግድ የለም፣ ይስጡኝ።”

ከልቤ ነበር። ወንበራቸውን የወሰድሁባቸው ሰው እንደመሆኔ አንድ ነገር ልሠራላቸው ፈልጌ ነበር። ቦቲውን ይዤ አሮጌ ብረትና ጎማ ወደሚታደስበት ገበያ፣ መደበር ሄድሁ። አንድ ቆርቆሮ ሠራተኛ ከመኪና ጎማ ቆርጦ ሶሉ ላይ ደረበልኝ። በሚቀጥለው እሑድ ሞከርነው፤ ያው ነው፣ ጎማው እርጥቡ ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል፤ አስነሳሁት። ብሎን ልምታበት ብዬ ነበር፤ ሶሉ ስስ ስለሆነ ውሃ ያስገባል ብለው ጋሼ ከለከሉኝ።

መፍትሔውን የነገረኝ ዓባ ሻውል ሰፈር ውስጥ የሚሠራ አንድ ጫማ ሰፊ ነው። ዱሮ ለጣሊያኖች ይሠራ ነበርና ነገሩን ያውቀዋል።

“ጎማ አይደለም የሚያስፈልግህ፤ ሱፍ ነው” አለኝ። “ተጠቅጥቆ የጠነከረ፣ ወፍራም ሱፍ። ውሃ ሲጠጣ ድንጋዩን ይይዛል። አሮጌውን ሶል በሞረድ ፈግፍገው፣ በቤንዚን ጥረገው። ማስቲሹን ሶሉንም ሱፉንም ቀባ፤ ጣትህን እስኪለቅ ቆይ፤ ከዚያ ግጠምና ከባድ ነገር ጫንበት። ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ እንዳይነካው። ሰማኸኝ? ሁለት ቀን።”

“ሰማሁ” አልሁ።

እንደዚያ ያለ ሱፍ ገበያ ላይ አጣሁ። በኋላ ትዝ ያለኝ የመሥሪያ ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። የማይሠሩ የጽሕፈት መኪናዎች እዚያ ተደርድረዋል፤ ድምፅ እንዲቀንስ ከሥራቸው የሚነጠፈው ወፍራም ሱፍም አብሮ ተጥሏል። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር። ሁለት ቁራጭ ሱፍ በጋዜጣ ጠቅልዬ አወጣሁ። የመንግሥት ዕቃ መሆኑን አውቃለሁ። ማን ይፈልገዋል ብዬ ራሴን አሳመንሁ።

ይህ የሆነው በዐቢይ ጾም ነው። በዚያው ሳምንት ዋናው ሹማችን ክፍላችንን ሲጎበኙ እሑድ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ፈገግታ የማያበዙ ሰው ናቸው። ዓሣ አጠምዳለሁ አልሁ። “እንግዲያው ለዚህ እሑድ አምጣልን፤ እንግዶች አሉኝ፣ ጾም ነው” አሉ። “እሺ ጌታዬ” አልሁ። ጋሼ በመስኮቱ በኩል አቀርቅረው ይጽፋሉ። ብቻዬን ሄጄ አንድ ዓሣ እንኳ ይዤ እንደማላውቅ እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

ማስቲሹን የቀባሁት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጫማ ሰፊው እንዳለው ፈገፈግሁ፣ ጠረግሁ፣ ቀባሁ፣ ገጠምሁ፤ የወፍጮ ድንጋይ ከአከራዬ ለምኜ ጫንሁበት። ሥራዬን ሳየው ኩራት ተሰማኝ። ሁለት ቀን የሚለውን አልረሳሁትም። ግን ለሹሙ እሺ ብያለሁ።

እሑድ ጋሼ ሶሉን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አድርገው አዩት።

“ደርቋል?”

“ደርቋል።”

“ስንት ቀን አቆየኸው?”

“ሁለት ቀን” አልሁ።

እንዲህ ያለ ውሸት ከአፌ እንዴት በቀላሉ እንደወጣ ዛሬም ይገርመኛል። ጋሼ ቦቲውን አጥልቀው ገቡ። መጀመሪያ በእውነት ያዘላቸው። “ኣየ ወደይ! እንደ ድመት አደረግኸኝ!” ብለው ሳቁ። ሰባት ዓሣ አወጡ፤ እኔ ዳር ቆሜ በሽቦ እሰካለሁ። ስምንተኛውን ሊያወጡ ዞር ሲሉ የቀኙ ሱፍ ተላቅቆ እንደ ምላስ ተንጠለጠለ። ሲረግጡት ታጠፈባቸው። በቀኝ እጃቸው ድንጋዩን ተደግፈው ወደቁ። የአጥንቱን ድምፅ ዳር ሆኜ ሰማሁት።

ጎትቼ አወጣኋቸው። የእጃቸው አንጓ ተጣሟል። በነጠላቸው አሠርሁላቸውና መንገዱ ድረስ ደግፌ አወጣኋቸው፤ አንድ የጭነት መኪና ከተማ አደረሰን። ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው መንገድ ላይ ስንወርድ፣ በግራ እጃቸው በሽቦ ወደተሰኩት ዓሦች ጠቆሙ።

“ሂድ ለሹሙ አድርስላቸው። ጸሐዩ ያበላሸዋል።”

“መጀመሪያ እርስዎን ላድርስ እንጂ፤ ይህማ አይሆንም።”

“ሂድ እኮ፤ እግሬ አልተሰበረም።”

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሄድሁ።

የሹሙ ቤት በር ላይ ሳለሁ እሳቸው ራሳቸው ወጡ። ዓሦቹን አይተው “አንተ ነህ ያጠመድሃቸው?” አሉ። “አዎን ጌታዬ” አልሁ። ወደ ሆስፒታሉ ስመለስ ጋሼን ጠግነው ወደ ቤታቸው ሸኝተዋቸዋል። ቤታቸው ዓባ ሻውል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጠይቄ ማግኘት እችል ነበር። አልሄድሁም።

በሦስተኛው ቀን እጃቸው በጀሶ ታሥሮ፣ ክራቫታቸውን ሰው አሥሮላቸው ቢሮ መጡ። ሹሙ አይተዋቸው ቆሙ።

“ምን ሆኑ?”

ጋሼ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። እኔ ፋይል አገላብጥ ነበር፤ አንገቴን አላቀናሁም።

“ቤቴ ደረጃ ላይ ወደቅሁ” አሉ።

ያን ቀን ከሰዓት “ለምን እንዲህ አሉ ጋሼ?” ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኋቸው። “እርስዎ የሚሉትን እየጠበቅሁ ነበር” አሉኝ። ከዚያ በኋላ እሑድ አልተገናኘንም።

በግራ እጅ መጻፍ አልቻሉም። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ለጽሕፈት ሥራ ብቁ ባለመሆናቸው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂነት ተዛውረዋል የሚል ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤውን እንድፈርምበት ለእኔ ሰጡኝ። ፈረምሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በማግሥቱ ጠዋት ሹሙ ቢሮ ገባሁና ሁሉንም ተናገርሁ። ዓሦቹን ያጠመዱት እሳቸው መሆናቸውን፣ ሱፉን ከግምጃ ቤት ማውጣቴን፣ ማስቲሹ ሳይደርቅ ደርቋል ማለቴን። እንደምቀጣ እርግጠኛ ነበርሁ። እንዲያውም ቅጣቱን እመኘው ነበር።

ሹሙ “ዓሣው ጥሩ ነበር” አሉ። “ሱፉን ተወው። ሰውዬውን ከዚያ ክፍል ለማንሳት ምክንያት እንፈልግ ነበር። ግን ዋሽተውኛል ማለት ነው?” ብለው ደወሉን መቱ።

ጋሼን አስጠሯቸውና እኔ ባለሁበት ገሠጿቸው። በዚህ ዕድሜ ለአለቃ መዋሸት፣ ደረጃ ላይ ወደቅሁ ማለት። እኔ “ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኔ…” ብዬ ጀምሬ ነበር፤ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። ጋሼ የታሠረ እጃቸውን በሌላው ደግፈው “ይቅርታ ያድርጉልኝ” አሉ። ስልሳ ዓመት የተጠጉ ሰው ናቸው።

ኮሪደሩ ላይ ተከትያቸው ወጣሁ።

“ጋሼ፣ እውነቱን ልናገር ብዬ ነው እኮ።”

“እውነቱን ከተናገሩ አይቀር፣ ያኔ ፋይሉን ዘግተው ቢናገሩ ይጠቅመኝ ነበር” አሉ። “አሁን የተናገሩት ለማን ነው? ለእኔ ነው ወይስ እንቅልፍ እንዲወስድዎ?”

ይህን ብለው ወደ ግምጃ ቤቱ ወረዱ።

ከዓመት በላይ አንድ ሕንፃ ውስጥ ከላይና ከታች ሆነን ሠራን። ሰላምታ ይሰጡኛል፤ ባርኔጣቸውን ያነሳሉ። ጡረታ ሲወጡ ሠራተኛው ሻሂ አፈላላቸው፤ እኔ ሥራ በዛብኝ ብዬ ቀረሁ።

ወደ ጎንደር ስዛወር፣ ከመነሳቴ በፊት ይቅርታ ልጠይቃቸው ቆርጬ ቤታቸውን ፈልጌ ሄድሁ። በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው ናቸው። አይተውኝ አያውቁም። “እተዉ፣ እተዉ” ብለው አስገቡኝ፤ ሻሂ ቀዱልኝ። ጋሼ ዓሣ ሊያጠምዱ ሄደዋል አሉኝ።

“እጃቸው ዳነ?” አልሁ።

“እወ፣ ድኗል። ትንሽ ጎብጧል እንጂ” አሉ በተሰባበረ አማርኛ። “የራሱ ጥፋት ነው። ያን ቦቲ እኔ ራሴ አበጃለሁ ብሎ፣ ማስቲሹ ሳይደርቅ አድርጎት ገባ። ሽማግሌ ሰው ምክር አይሰማም።”

ብርጭቆውን ይዤ ቀረሁ። እሳቸው እየሳቁ ስኳር ጨመሩልኝ።

“ማን መጣ ልበለው?”

“ከመሥሪያ ቤት ነው በሏቸው” አልሁ፤ ሻሂዬን ጨርሼ ወጣሁ። ሴትየዋ እስከ ጠባቧ መንገድ ጫፍ ሸኙኝ፤ ስንለያይም እግዜር ይስጥልን አሉኝ።