ሸዋወርቅና የራዲዮዋ ሴትዮ

ሸዋወርቅ ቡልቡላ ላይ አራተኛ ክፍልን አሥራ አንድ ዓመት ስታስተምር በሰው ቀንታ አታውቅም። ባሏ ጥሏት ዝዋይ ሌላ ሲያገባ እንኳ «ይቅናው» ብላ ነው ያለፈችው። በ1972 ዓ.ም. ግን ቀናች፤ ያውም ፊቷን አይታው በማታውቅ ሴት።

አንድ ቀን ከናዝሬት የመጣ ላንድሮቨር ትምህርት ቤቱ ግቢ ራዲዮ አውርዶ ሄደ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ከአዲስ አበባ የሳይንስ ትምህርት ይተላለፋል ተባለ። አብሮ የመጣው መምሪያ እንደሚያዘው አስተማሪዋ ልጆቹን አስቀድማ ታዘጋጃለች፣ ሲተላለፍ አብራቸው ታዳምጣለች፣ ሲያበቃም ያልገባቸውን ታብራራለች። ሸዋወርቅ አነበበችውና መሳቢያዋ ውስጥ ወረወረችው።

«እኔ ደግሞ የሷ ረዳት ልሁን?» አለቻቸው ርዕሰ መምህሩን፣ ጋሽ ነጋሳን።

«አንቺ ሴት፣ ከሳጥን ጋር ትጣያለሽ?» ብለው ሳቁባት።

ሳጥን ብቻ ቢሆንማ ማን ይቀናበት ነበር! የሴትዮዋ ድምፅ ማር ነው። «ደህና ናችሁ ልጆች?» ስትል ስልሳ ሁለት ልጅ ጣራው እስኪነቀነቅ «ደህና ነን!» ይላል። ትጠይቅና ትንሽ ዝም ትላለች፤ ልጆቹ በዚያ መሀል ይመልሳሉ፤ «ጎበዞች!» ትላቸዋለች። ሸዋወርቅ ይህችን ቃል ቆጥባ ነው የምትሰጠው፤ ሴትዮዋ እንደ ቆሎ ትበትናታለች። የራዲዮው የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ልጆቹ ከየቤታቸው ያረጀ ድንጋይ ሰብስበው ፀሐይ ላይ ያሰጡና ነፍስ ይዘሩበታል። የሸዋወርቅ ጠመኔ ያለቀ ዕለት ግን አንድም ልጅ ምንም አላመጣላትም። አንጀቷን ያሳረረው ይሄ ነው። እነዚህን ልጆች ከነእናት አባታቸው፣ ከነሕመማቸው ታውቃቸዋለች፤ የራሷ ልጅ የላትም። አሁን አንዲት ድምፅ መጥታ እየወሰደችባት ነው።

ስለዚህ ራዲዮው ሲከፈት «ታስተምራቸው እንግዲህ!» ብላ ውልቅ ትላለች። ሩቅ ግን አትሄድም። መስኮቱ አጠገብ ቆማ፣ ጆሮዋን አቅንታ፣ የሴትዮዋን ስህተት ትለቅማለች።

አንድ ሐሙስ ቀናት። ትምህርቱ ስለ ውሃ ነበር።

«የሐይቅ ውሃ ጨው አለው ወይስ የለውም?» ብላ ሴትዮዋ ጠየቀችና ዝም አለች።

ጨዋማው የአብጃታ ሐይቅ እዚያው ጎረቤታቸው ነው፤ ልጆቹ ባንድ ድምፅ «አለው!» አሉ።

«ጎበዞች! የለውም። ጨው ያለው የባሕር ውሃ ነው» አለች፣ በዚያው ማር በመሰለ ድምፅዋ።

ሸዋወርቅ ውጭ ሆና በነጠላዋ አፏን ብትይዝም አልቻለችም፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዓመቱ መጀመሪያ አንስቶ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። አሁን ይጠሏታል፣ አሁን እየሮጡ ወደ እኔ ይመጣሉ ብላ ጠበቀች። ያን ቀን የመጣ ልጅ የለም።

አርብ ጠዋት እሷው ራሷ አነሳችው፤ ድሏን በእጇ ልትቀበል።

«የአብጃታ ውሃ ጨው አለው ወይስ የለውም?»

«የለውም!» አለ ክፍሉ በሙሉ።

ሸዋወርቅ ክው አለች። ከፊት ወንበር የገርባን ልጅ ዲንቄን አስነሳቻት። ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ናት።

«አባትሽ ከብቶቹን ወደ አብጃታ ይነዳ የለም?»

«ኤዬ፣ ቲቸር፣ ይነዳል።»

«ለምን?»

«ሆራ ሊያጠጣቸው። ጨው እንዲያገኙ።»

«ታዲያስ?»

ዲንቄ አቀረቀረች። «እሱ የቤት ነው፣ ቲቸር። የትምህርት ቤቱ መልስ ‹የለውም› ነው።»

ሸዋወርቅ ወደ ክፍሉ ሁሉ ዞረች። «በዓይናችሁ ካያችሁት ይልቅ ያቺን ሴትዮ አመናችሁ?»

«እሷን አላመንናትም ነበር» አለች ልጅቱ። «እርስዎን ልንጠይቅ ወደ መስኮቱ ዞር ስንል ይስቃሉ። አለው በማለታችን የሳቁብን መሰለን።»

ስልሳ ሁለት ልጅ ያያታል። ሸዋወርቅ ጠመኔዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። መዋሸት ትችል ነበር፤ ግን አፏ እምቢ አላት።

«በእናንተ አልሳቅሁም» አለች። «ልክ ናችሁ፣ ጨው አለው። የሳቅሁት በሷ ነው። ስትሳሳት ደስ ብሎኝ።»

«ታዲያ ያኔውኑ ገብተው ለምን አልነገሩም?»

«ምን ዋጋ አለው፤ እሷ እንደሆነ አትሰማ።»

«እኛ እንሰማ ነበር» አለች ዲንቄ።