የሊሊ ቀይ ሪባን

ቦቢ ተከተበ! ትናንት ጠዋት ጋሽ ተሰማ ራሳቸው በገመድ ጎትተው አመጡት። ደስታው ለብቻዬ በዛብኝ፤ ስለዚህ ዘንድሮ አዲስ ለምትገቡ በጎ ፈቃደኞችና ውሻ ላላችሁ ሁሉ የክትባት ሥራችንን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ልንገራችሁ።

ያን ቀን ፒያሳ ስንወጣ የእንስሳት ሐኪማችን ዶክተር ሰላም የበረዶ ሳጥናቸውን አስቀምጠው ሥራ አከፋፈሉን። አንዱ ውሻ ያዥ፣ አንዱ በር አንኳኪ፣ እኔ ሪባን አሳሪ። የመጨረሻው ዝቅተኛ ማዕረግ ነው። ለእብድ ውሻ በሽታ የተከተበ ውሻ ሁለቴ እንዳይወጋ አንገቱ ላይ ቀይ ሪባን አስራለሁ። በቃ።

ጋሽ ተሰማ የአንድ ጫማ ቤት ዘበኛ ናቸው። ውሻቸው ቦቢ አብሯቸው ያድራል፤ ፊታቸውን ሳይቀር ይልሳቸዋል።

"ማን ላከሽ?" አሉኝ።

"ክትባት ነው ጋሼ፣ በነጻ።"

"በነጻ! ያኔ ለውሾቹ የተበተነው መርዘኛ ሥጋም በነጻ ነበር። ጠዋት ስንነሳ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተዘርሯል። አሁን ደግሞ በቀይ ለይታችሁ ልትለቅሟቸው? አራዳ ተወልዶ ያደገ ሰው ልትሸውጂ?"

በማግስቱ ያሰርኳቸው ሪባኖች የሉም። ሰፈርተኛው በመቀስ ቆርጦ ጥሏቸዋል። እኔም ጠረጠርኩ።

"ዶክተር፣ እውነት የሚለቅማቸው ሰው አለ እንዴ?"

"የራስሽን ውሻ አምጪና ዓይንሽ እያየ ልውጋት" አሉኝ። ሊሊን እስከዚያ ያላመጣሁበት ምክንያት የገባቸው መሰለኝ።

አመጣኋት፤ ተወጋች። በማግስቱ ጠዋት ጅራቷን እየቆላች ቁርሴን ስትጠብቅ አገኘኋት።

ያን ሰሞን አትክልት ተራ አካባቢ ለሃጩ የሚዝረከረክ ውሻ ያገኘውን ሁሉ ነከሰ ተባለ። ዶክተር ሰላም "ያልተከተበ ውሻ በእሱ ከተነከሰ አለቀለት። የሚልሰው ሰውም አደጋ ላይ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም" አሉ። ቦቢና ጋሽ ተሰማ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ከዚያ ወዲህ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሊሊን ከነሪባኗ በጫማ ቤቱ በር አሳልፋት ጀመር።

"ዛሬም አለች?"

"አለች ጋሼ።"

"ያችው ናት? ሌላ ቀይራችሁ እንዳይሆን!" የታጠፈ ጆሮዋን አገላብጠው ያያሉ። አንድ ቀን ጭራሽ አፏን ከፍተው ጥርሷን መረመሩ።

ትናንት እንግዲህ ቦቢን ይዘው መጡ።

"ሊሊ የተወጋችው ነው?"

"እሱው ነው" አሉ ዶክተር ሰላም።

"እስቲ ጠርሙሱን።" አዩት፣ አሸተቱት፣ መለሱት። ቦቢ ተወጋ። ሪባኑን ላስር ስል እጄን ያዙኝ።

"ቆይ! እኔ ነኝ የማስረው። አንቺን ገና አላመንኩሽም።"

አጥብቀው ቋጠሩት።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት ይህ ነው፦ ሰው የተከተበች ውሻ በየቀኑ በደጁ ስታልፍ ካየ የራሱን ያስከትባል። ውሻ የነከሰው ሰው ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ደጋግሞ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ቅዳሜ ጠዋት ጫማ ቤቱ በር ላይ ነን። ውሾቻችሁን በገመድ ይዛችሁ ኑ። የምትጠራጠሩም ኑ፤ ሊሊ እዚያው ናት፣ ጆሮዋን አገላብጣችሁ እዩ።