የሦስት ዶላር ከዘጠና አምስት ሳንቲም ለቅሶ

ታላቅ ወንድሜ ኪራኮስ ሲሞት አንድ የጫማ ካርቶን ተረከብኩ። ሰነድ ማደራጀት እንጀራዬ ስለሆነ ቤተሰቡ ሁሉ «አንቺ ታውቂበታለሽ» ብሎ አሸከመኝ። ካርቶኑ ውስጥ የሥራ ቦታው መታወቂያ፣ የማይሠራ የኪስ ሬዲዮ፣ የማህተም ቀለም፣ አራት ደረሰኞችና በእርሳስ የተጻፈ አንድ የሐዘን መግለጫ ነበሩ። የሐዘን መግለጫው ስለ እሱ ሞት አይደለም። የማን እንደሆነ ለመናገር ከደረሰኞቹ መጀመር አለብኝ።

ኪራኮስ ዋሽንግተን መሐል ከተማ፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ በመስታወት ሳጥን ተቀምጦ ለሃያ ሦስት ዓመት የመኪና ማቆሚያ ሂሳብ ተቀብሏል። መልሱን ረስቶ የሄደ ሾፌር ካለ ሳንቲሙን ፖስታ ውስጥ ከትቶ፣ የመኪናውን ታርጋ ጽፎበት ያስቀምጥለት ነበር። በዚያ ሥራ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ገዛ። የባንኩን ብድር በጨረሰ ዕለት ደውሎ «ከዛሬ ጀምሮ ከእግዜርና ከኮንዶ ፊ በቀር የምፈራው የለም» አለኝ። ኮንዶ ፊ የሚባለው የሕንፃው የቤት ባለቤቶች ማኅበር በየወሩ ለጥገናና ለጽዳት የሚሰበስበው መዋጮ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ማኅበሩን የሚያስተዳድረው ድርጅት ደብዳቤ ላከ። ከጥር ጀምሮ ቼክ አንቀበልም፤ ክፍያ በኦንላይን ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ሦስት ዶላር ከዘጠና አምስት ሳንቲም ፕሮሰሲንግ ፊ ይታከላል ይላል።

«ምኑን ነው ፕሮሰስ የሚያደርጉት?» አለኝ በስልክ።

«ገንዘቡን መቀበሉን ነዋ፣ ወንድም ጋሼ።»

«እኔ ሃያ ሦስት ዓመት ገንዘብ ተቀብያለሁ። አንድም ቀን ‹ስለተቀበልኩህ ጨምርልኝ› ብዬ አላውቅም።»

በወሩ መጀመሪያ ሱፉን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ቼኩን በደረት ኪሱ ይዞ ባቡር ተሳፈረ። የድርጅቱ ቢሮ አሌክሳንድሪያ ነው። መንገድ ላይ ባቡር ቀይሮ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ኪንግ ስትሪት ጣቢያ ወርዶ በእግሩ ደረሰ። እንግዳ መቀበያው ላይ ሄኒ የምትባል፣ እዚሁ የተወለደች የእኛ ልጅ ተቀምጣለች።

«ሶሪ ጋሼ፣ ቼክ አንወስድም። አፑን ዳውንሎድ ማድረግ ነው።»

«አፑ እዚህ ድረስ በእግሩ ይመጣል? እኔ መጥቻለሁ።»

«ቦሴ ይቆጣኛል እኮ።»

«አይቆጣሽም። ይልቅ ማህተም አለሽ?»

ሄኒ መሳቢያውን ስትፈትሽ «ተቀብለናል» የሚል፣ ከእሷ ዕድሜ የሚበልጥ ማህተም አገኘች። ቀለም ግን አልነበረውም። ኪራኮስ ከኪሱ ቀለም አወጣላት። አስቦበት ነው ከቤቱ የወጣው።

«ባቡሩ ደርሶ መልስ ስድስት ዶላር ይፈጅብሃል» አልኩት ማታ ሲደውልልኝ። «ሦስት ከዘጠና አምስት ለማትረፍ!»

«ባቡሩ ወንዝ ያሳየኛል። ፕሮሰሲንግ ፊው ምን ያሳየኛል?»

አራት ወር እንዲህ ሄደ፤ አራት ደረሰኝ። በአምስተኛው ወር አለቃዋ ደርሶባት ቼኩ ስልሳ ዶላር የመዘግየት ቅጣት ተጨምሮበት በፖስታ ተመለሰ። ደብዳቤው በዘጠና ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ዕዳው በቤቱ ላይ እንደሚመዘገብ፣ ጉዳዩም ወደ ጠበቃ እንደሚሄድ ይገልጻል። ኪራኮስ ደብዳቤውን በስልክ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። ድምፁ እንዲያ ዝቅ ብሎ ሰምቼው አላውቅም።

«ቤቱን ሊወስዱት ይችላሉ ማለት ነው?»

«ይችላሉ። ክፈልና ተገላገል።»

«አንዴ ከከፈልኩ ዕድሜ ልኬን ነው የምከፍለው። ይልቅ የማኅበሩን ደንብ አንብቢልኝ።»

መቶ አሥራ አራት ገጽ አነበብኩ። ገጽ ሰባ አንድ ላይ፣ የቤት ባለቤቶቹ በዓመታዊ ስብሰባ የአከፋፈሉን መንገድ በድምፅ ብልጫ መወሰን እንደሚችሉ ተጽፏል። ነገር ግን ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ባለቤቶች ሃምሳ ሦስቱ መገኘት አለባቸው። የስድስት ዓመት ቃለ ጉባኤ አገላብጬ አየሁ። ብዙ ሰው ተገኘ በተባለበት ዓመት የመጣው አሥራ ዘጠኝ ነው።

«ሃምሳ ሦስት ሰው ለስብሰባ አይመጣም» አልኩት።

«ለስብሰባ አይመጣም» አለ፣ ‹ለስብሰባ› የሚለውን ረገጥ አድርጎ። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

በሕንፃው ውስጥ ቤት የገዙት የእኛ ሰዎች ከአርባ ይበልጣሉ፤ ሁሉም የአንድ እድር አባል ናቸው፤ የእድሩ መልእክትም ማንኛውም አባል በሚጽፍበት የስልክ ግሩፕ ነው የሚመጣው። ለቅሶ ሲባል ደግሞ ማን እንደሞተ አጣርቶ የሚነሣ ሰው የለም። ነጠላውን አንሥቶ ይወጣና የሟቹን ስም ሊፍት ውስጥ ይጠይቃል።

በሰኔ፣ ስብሰባው በተጠራበት ቅዳሜ ጠዋት፣ የሁሉም ስልክ ላይ ይህ ታየ፦ «የሐዘን መግለጫ። ዛሬ ስምንት ሰዓት፣ ታችኛው አዳራሽ። ለአሥራ ሰባት ዓመት በሕንፃችን አብሮን የኖረው…» ስልክ ሳይከፈት የሚያሳየው እስከዚህ ነው። ለከፈተው እንዲህ ይቀጥላል፦ «…ያለ ተጨማሪ ሂሳብ የመክፈል መብታችን በድንገት ስለተለየን፣ በዚሁ ቦታና ሰዓት በሚደረገው የባለቤቶች ስብሰባ ተገኝታችሁ ድምፅ እንድትሰጡ።»

የከፈተው ጥቂት ነው።

እኔን «ፊርማ ትቆጥሪልኛለሽ» ብሎ ጠርቶኝ የአዳራሹ በር ላይ አብሬው ተቀምጫለሁ። ሊፍቱ ተከፈተ። ጥቁር የለበሱ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ፣ ካርቶን ውኃ የተሸከሙ፣ ፎይል የተሸፈነ ትሪ የያዙ ሰዎች ወረዱ። ከፊት ስድስተኛ ፎቅ ያሉት ወይዘሮ ታደለች ናቸው፤ ከሊፍቱ ጀምረው ያለቅሳሉ።

«ወይኔ! ወይኔ! ማነው እሱ?»

«እትዬ ታደለች፣ እዚህች ላይ ይፈርሙልኝ» አለ ኪራኮስ።

ፈረሙ። «ሬሳው የት አለ?»

«ቁጭ ይበሉ፣ ይነገራል።»

«የማን እንደሆነ ንገረኝ እንጂ፣ አንተ! በስሙ ላልቅስለት!»

«የመብታችን።»

ወይዘሮ ታደለች መነጽራቸውን አድርገው መልእክቱን እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ሰብስበው ትከሻውን ገረፉት። «ሁለት ትሪ ሩዝ! ሁለት ትሪ ሩዝ አሠርተኸኝ!» ግን አልሄዱም። ሩዙን መልሰው ወደ ላይ ከመሸከም ብለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አዳራሹን የሞላውን ጥቁር ልብስ ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። በሐዘኑ ማዘኑን ገልጾ፣ ለሟቹ ክብር ሲባል ስብሰባው ለሌላ ቀን ይተላለፍ አለ። ኪራኮስ ተነሥቶ በሚጥም እንግሊዝኛ፣ ሟቹ ስብሰባ ሲተላለፍ አይወድም ነበር፣ እንቀጥል ብሎ መለሰለት።

በየዓመቱ ከሚመጡት ጋር ስልሳ አንድ ባለቤቶች ፈርመዋል። ቆጥሬዋለሁ፣ ደግሜም ቆጥሬዋለሁ። ቼክ በሕንፃው መግቢያ፣ ሎቢው ውስጥ በሚቀመጥ ሳጥን ያለ ተጨማሪ ሂሳብ እንዲገባ፣ የኪራኮስ ቅጣትም እንዲሰረዝ ሃምሳ ስምንት ሰው እጁን አወጣ። የቀሩት ሦስቱ ገና እያለቀሱ ስለነበር ጥያቄውን አልሰሙም።

እድሩ በሐዘን ቀልደሃል ብሎ አርባ ዶላር ቀጣው። ጥሬ ገንዘቡን በእጁ ቆጥሮ ሰጠና «እናንተስ ፕሮሰሲንግ ፊ የላችሁም» አላቸው። ሆን ብዬ አላደረግሁትም፣ አንብቦ ያልጨረሰ ጥፋቱ የራሱ ነው ብሎም ማለላቸው። በእርሳስ የተጻፈው ረቂቅ አሁን እጄ ላይ ነው። የመጀመሪያው መስመር «የስብሰባ ጥሪ» ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተሰርዞ በላዩ «የሐዘን መግለጫ» ተብሏል።

ባለፈው ኅዳር፣ እሑድ ጠዋት፣ ልቡ ቆመ። ለእድሩ የሚላከውን መልእክት እኔ ጻፍኩ፤ ስሙ በመጀመሪያው መስመር ላይ እንዲታይ ቃላቱን ቆጥሬ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወይዘሮ ታደለች ደወሉ።

«ደግሞ አሁን የምን ምርጫ ነው?» እየሳቁ ነው።

«ምርጫ የለም፣ እትዬ ታደለች።»

«እስቲ እሱን አቅርቢልኝ።»

የመልእክቱን የመጀመሪያ መስመር አነበብኩላቸው። ሳይሰናበቱ ስልኩን ዘጉት። ከሁሉ ቀድመው በሩ ላይ የደረሱት እሳቸው ናቸው።

በዚህ በጥር ድርጅቱ ጻፈልኝ። ቤቱን ወደ ስሜ ለማዛወር ሁለት መቶ ዶላር፤ የሎቢው ሳጥን ለወር መዋጮ ብቻ ስለሆነ ይህኛው በኦንላይን፣ ሲደመር ሦስት ዶላር ከዘጠና አምስት ሳንቲም። አፑ ስልኬ ላይ አለ። ክፍያው አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከሥራ አስፈቅጄ ባቡር ተሳፈርኩ። ወንዙን አየሁት፤ ቆንጆ ነው። ሄኒ ቼኩን ሳቀርብላት የአባታችንን ስም አነበበች፣ ወደ አለቃዋ በር ዞር ብላ አየች፣ ከዚያ መሳቢያዋን ከፈተች።

«ማህተሙ አለ» አለች ቀስ ብላ። «ቀለም ግን የለንም።»

ከቦርሳዬ አወጣሁላት።