ሽሮ ይዘን ወደ ሱኒል ገዳም

ንጋት 12 ሰዓት፣ ታርኔት

ጎህ ሲቀድ መኪናዬን አስነሣሁ። ሰፈሩ ገና አልነቃም፤ የአንዱ ጎረቤቴ የሣር ማጠጫ ብቻ ይንሿሿል። የአባቴን ጓደኛ ጋሼ ወርቁን ከቤታቸው ከኬንሲንግተን አንሥቼ፣ በስተምሥራቅ ኮረብታ ላይ ወዳለ የቡድሃ መነኮሳት ገዳም ልወስዳቸው ነው። እኔ ጴንጤ፣ እሳቸው ጿሚ ኦርቶዶክስ። ምን አገናኘን? ሱኒል።

ስሪላንካዊው ሱኒልና ጋሼ እዚህ በሰው አገር ጎማ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተዋል፤ ምሳቸውንም አብረው በልተዋል። ሱኒል ሚስቱ ከሞተች በኋላ "ልመነኩስ ነው" ቢላቸው ጋሼ ሳቁበት። "ምግብ ማብሰል ሰልችቶህ ነው!" አሉት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። ትናንት ግን ጋሼ ደውለው "ለሱኒል ሽሮ ይዘን እንሂድ፤ መነኮሳቱ ሰው ያመጣላቸውን ነው የሚበሉት" አሉኝ።

1 ሰዓት፣ ኬንሲንግተን

ጋሼ በፒጃማ ናቸው። ሽንኩርቱ ገና አልተከተፈም።

"ጋሼ፣ አልተዘጋጁም?"

"ምን ያስቸኩልሻል ልጄ? ቀኑ ሙሉ የኛ ነው።"

ሽሮው ተሠርቶ ቴርሞስ ውስጥ እስኪገባ፣ ሻወር እስኪወሰድ፣ ሸሚዝ እስኪተኮስ አራት ሰዓት ሞላ።

4 ሰዓት ተኩል፣ ፍሪዌይ ላይ

"መነኮሳቱ ስንት ሰዓት ነው የሚበሉት?" አልኳቸው።

"ስደውልላቸው 'ከአሥራ ሁለት በፊት' ብለውኛል። እስኪመሽ ጊዜ አለን።"

መሪውን ጠበቅ አደረግሁ። "ጋሼ! የፈረንጅ አሥራ ሁለት እኮ ነው! ቀትር!"

ሰዓታቸውን አዩ። ቀጥለው፣ "እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስጾም፣ እሱ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይጾማል? ንጂው እንጂ!"

6 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ፣ ገዳሙ

በባሕር ዛፎቹ መሀል ቡናማ ልብስ የለበሱ መነኮሳት ሳህናቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። መጨረሻ የቆመው፣ ራሱን የተላጨው ቀጭን ሰው ሱኒል ነው። ጋሼ ሽሮውን ሳህኑ ላይ ጨመሩለት።

"ሱኒል፣ ይቅር በለኝ። ክፉ ሳቅ ነው የሳቅሁብህ።"

ሱኒል አጎንብሶ አሸተተ። "በርበሬ ቀንሰሃል" አለ።

ከምሳ በኋላ ጥላ ሥር ተቀመጥን። "ለመሆኑ የምትከተሉት ሰውዬ ማን ነው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"የሕንድ ልዑል ነበር" አለ ሱኒል። "ሽማግሌ፣ በሽተኛና ሬሳ አይቶ ደነገጠ፤ ቤተ መንግሥቱን ትቶ ወጣ። ከአምስት ጓደኞቹ ጋር አጥንቱ እስኪቆጠር ጾመ። ሊሞት ሲል አንዲት ሴት በወተት የተቀቀለ ሩዝ ሰጠችው።"

"ጾሙን በወተት ፈታ?" አሉ ጋሼ ደንግጠው።

"ሊሞት ነበር እኮ!"

"እሺ፣ ለታመመ ይፈቀዳል። ቀጥል።"

"ጓደኞቹ ግን 'ሆዳም ሆነ' ብለው ንቀውት ሄዱ። እሱ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የስቃያችን ሥር የማይጠግበው ምኞታችን እንደሆነ፣ ምኞቱን የለቀቀም እንደሚያርፍ ተረዳ። ከቅንጦትም ራስን ከማሰቃየትም መሀል ያለውን መንገድ ያዘ። ከዚያ ማንን ፈልጎ በእግሩ ሄደ? እነዚያኑ አምስቱን። መጀመሪያ ያስተማረው የናቁትን ነው።"

ጋሼ ባዶውን ቴርሞስ ከደኑ። "እንዲያ ከሆነ አንተም እኔን ፈልገህ መምጣት ነበረብህ።"

"መኪና መንዳት ተከልክያለሁ" አለ ሱኒል፤ "ኬንሲንግተን ደግሞ በእግር ሁለት ቀን ነው።"

ጋሼ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሱኒልም አብሯቸው ሳቀ፤ የሌሎቹ መነኮሳት ፊት እንኳ ፈገግ አለ።

10 ሰዓት፣ ኬንሲንግተን

ጋሼ ቤታቸው ደጃፍ ላይ በሩን ከፍተው እንደወረዱ ጎንበስ ብለው በመስኮቱ አዩኝ።

"ይሄን ሁሉ ጊዜ እሱ ያኮረፈ መስሎኝ ነበር" አሉ። "ለካ ያፈርኩት እኔ ነኝ።"