የእትዬ ዘሀራ ምራቂ

ስለ አንድ እፍኝ ምስር ይጻፋል እንዴ? ይህን ወረቀት ከፊቴ ካስቀመጥኩ ጀምሮ ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ዘንድሮ ነው፤ አብረውኝ የሚማሩት ስለ አገርና ስለ ፍቅር ሲጽፉ እኔ የመርካቶ ምስር ይዤ ብቀርብ አንባቢ ይስቅብኝ ይሆናል። ግን ባለፈው ቅዳሜ ሱፐርማርኬት ውስጥ የገጠመኝ ነገር እስካሁን ስለሚከነክነኝ፣ ቢሳቅብኝም ልጻፈው።

እማዬ ወደ ቤት ስትመጪ ምስር ይዘሽ ነይ ብላኝ ነበር። ከመደርደሪያው ላይ አንዱን ላስቲክ ሳነሳ ዋጋው የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት እንደ ካርቶን ወፍራለች፤ በጥፍሬ ብልጣት ከሥሯ ሌላ ዋጋ ወጣ፣ ከዚያም ሥር ሌላ፤ የታችኛው ከላይኛው ጋር ሲተያይ የአንድ ዕቃ ዋጋ አይመስልም። ከፊቴ የተሰለፉት ሴትዮ ዘይታቸውን ሒሳብ መቀበያው ላይ ዘጭ አድርገው፣ «ባለፈው ሳምንት በዚህ ዋጋ ነው እንዴ የወሰድኩት? ኧረ እናንተ ሰዎች ፈጣሪን ፍሩ!» ሲሉ፣ ሒሳብ የምትቀበለው ልጅ ቀና ሳትል «እናቴ፣ እኔ ምን ላርግ? ማሽኑ ነው» አለቻቸው። «እንግዲያው ማሽኑን ጥሪልኝና ከእሱ ጋር ልጣላ!» አሉ። ሰልፉ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። እኔም ጥርሴን ነክሼ ቆሜ ሳለ የያዝኩት ላስቲክ ጥጉ ተቀዶ ኖሮ የምስር አቧራ ሽታ፣ ያ ደረቅና አፍንጫ የሚኮረኩር ሽታ፣ ሽው አለኝ።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ዘንቢሏን አንጠልጥላ፣ እኔ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጬ፣ ጭነት በተሸከሙት ሰዎች «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» መካከል እየተጋፋን እህል ተራ ስንደርስ የሚቀበለን ይህ ሽታ ነበር። ደንበኛችን እትዬ ዘሀራ ነበሩ። ከወሎ የመጡ፣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው የሚያስሩ፣ ሲስቁ የወርቅ ጥርሳቸው ብልጭ የሚል ሴት ናቸው፤ አፋቸው በተጠቀለለ ማዳበሪያዎች መካከል ተቀምጠው ምስሩን በጣሳ ይሰፍሩና በመዳፋቸው ልክክ አድርገው እማዬ ዘንቢል ውስጥ ይገለብጡታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው ዋናው ነገር። ሰፍረው ሲጨርሱ እጃቸውን እንደገና ማዳበሪያው ውስጥ ከትተው አንድ እፍኝ ዘግነው ይጨምራሉ፤ ምራቂ ማለት ይህ ነው፣ ገዢ የማይከፍልበት፣ ሻጭ ግን የማይተወው። እማዬ ያቺ እፍኝ እስክትወርድ ድረስ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየች ያላየች መምሰሏ ሁልጊዜ ያስቀኝ ነበር። ወርዳም አትረካም።

«ምነው ዘሀራዬ፣ እጅሽ ዛሬ ጾም ያዘ?»

«ወላሂ እጄ ደኅና ነው፣ ያንቺ ዓይን ነው የማይጠግበው!» ይሉና በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው ይደግሙላታል። ይህን እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ውጭ ቤት ለቤት ተጠያይቀው አያውቁም፣ ግን እኔ ሲያመኝ እትዬ ዘሀራ ይሰማሉ፣ እሳቸው መደባቸው ላይ ያልተገኙ ቀን እማዬ የጎን ነጋዴዎቹን ሳትጠይቅ አትመለስም።

ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። ቀይ ሽንኩርቱ፣ ዘይቱ፣ ጤፉ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሰማይ ነካ፤ የግቢያችን ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ ዕቃቸውን ከማውረዳቸው በፊት ይራገማሉ። በእህል ተራ ዋጋ ያልጨመሩት እትዬ ዘሀራ ብቻ ነበሩ። ነገር ግን አንድ ቅዳሜ ጣሳውን ገለበጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። እማዬ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየች ጠበቀች። ብትጠብቅ፣ ምንም የለም።

«ረሳሽ?»

«አልረሳሁም የሰናይት እናት። ዋጋ ከምጨምርብሽ ብዬ እፍኟን ተውኳት። ተረጂኝ።»

እማዬ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ የሚመለስበት ነገር ነው፤ ለእሷ ግን ፊት ለፊት እንደመሰደብ ሆነባት። «እኔ ለማኝ ነኝ? ከማንም እኩል አስከፍለሽኝ እጅሽን ብትዘረጊልኝ ይሻለኝ ነበር!» ብላ ስትጮኽ የጎን መደብ ነጋዴዎች ሁሉ ዞሩ። «ደንበኛዬ ሁሉ አዲስ ወደተከፈተው ሱፐርማርኬት እየሄደብኝ፣ ለመደቡ ኪራይ መክፈያ አጥቼ፣ አንቺ ደግሞ ለእፍኝ ትሰድቢኛለሽ?» አሉ እትዬ ዘሀራ። እማዬ አልሰማቻቸውም። ወይም መስማት አልፈለገችም።

በዚያው ሰሞን ከእህል ተራ ብዙ በማይርቅ አዲስ ሕንፃ ሥር ሱፐርማርኬት ተከፍቶ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ከገበያው ያነሰ ዋጋ ለጥፎ ሰውን ጠራ። እማዬ የግቢውን ሴቶች አስከትላ ገባች። የታሸገ ምስር አንስታ ሒሳብ ስትከፍል በልማዷ ሒሳብ ተቀባይዋን «በይ እንግዲህ መርቂልኝ» ብትላት፣ ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደ ዘበኛው ዞረች፣ ዘበኛው ሳቀ፣ የግቢያችን ሴቶችም እስኪያነቡ ሳቁ፤ እማዬ ግን አልሳቀችም። በንዴት የሱፐርማርኬቱን ፌስታል ከፍ አድርጋ ይዛ፣ መንገዳችን ባይሆንም በእትዬ ዘሀራ መደብ በኩል አለፈች። እትዬ ዘሀራ አንገታቸውን ደፍተው ባዶውን ጣሳ በሻሻቸው ጫፍ ይወለውሉ ነበር።

ክረምቱ እንዲሁ አለፈ። ሱፐርማርኬቱ ሰው ከለመደው በኋላ ዋጋውን በየሳምንቱ እየላጠ ሌላ ይለጥፍ ጀመር፤ ዓመቱ ሲያልቅ ምስሩ ከእህል ተራው አልፎ ሄደ። የእኛ ሰፈር አዲስ ዓመት ደግሞ ከራጉኤል ንግሥ ጋር አንድ ቀን ስለሚውል ባዶ ቤት መቀመጥ አይቻልም። እማዬ ቀናት ስታመነታ ቆይታ፣ የሩፋኤል ዝናብ ሲወርድ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር እየጨፈርኩ ከምታጠብበት ጎትታ አውጥታኝ ወደ እህል ተራ ወሰደችኝ። ፀጉሬ እየተንጠባጠበ እትዬ ዘሀራ ፊት ቆምን።

ሰላምታ አልነበረም። እማዬ ዘንቢሏን ከፈተች። እትዬ ዘሀራ የምስሩን ዋጋ ነገሯት፤ ልክ የሱፐርማርኬቱ ዋጋ ነበር። እማዬ ቆጥራ ከፈለች። እትዬ ዘሀራ ሰፍረው ልክክ አድርገው ገለበጡ፣ ከዚያ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ማዳበሪያው ውስጥ ከትተው፣ አይቼው የማላውቀውን ትልቅ እፍኝ ዘግነው ጨመሩ፤ ደገሙ።

«ይኸው። ያልሽኝን አደረግኩ፤ እንደ ማንም አስከፍዬ እጄን ዘረጋሁልሽ» አሉ።

እማዬ ዘንቢሉን አየችው። ጎንበስ ብላ በገዛ እጇ እፍኝ ሙሉ ዘገነችና ማዳበሪያው ውስጥ መለሰችው፤ ሁለተኛውንም መለሰች። መዳፏ ላይ የተጣበቁትን ፍሬዎች ሳይቀር አራገፈች። እትዬ ዘሀራ «ኧረ የሰናይት እናት፣ ተይ!» አሉ፤ የወርቅ ጥርሳቸው አልታየም። እኛ ሄድን። ከመስቀል በኋላ ስናልፍ መደቡ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር፤ እትዬ ዘሀራ ወደ አገራቸው ገቡ አሉን።

ባለፈው ቅዳሜ የገዛሁትን ላስቲክ ይዤ ቤት ስገባ እማዬ የተደራረበውን ዋጋ አይታ «ሌቦች!» ብላ በመቀስ ቀደደችና ሰፌድ ላይ ገለበጠችው። ገልብጣም ባዶውን ላስቲክ ከሰፌዱ በላይ እንደያዘች፣ ወደ መስኮቱ እያየች ትንሽ ቆየች። ምን እንደምትጠብቅ ገባኝ። ውድነቱ እኔንም ያበግነኛል፣ ይበልጥ የሚያበግነኝ ግን ያኔ የሚያናድደን ሰው ስም እንደነበረው፣ ስንጮኽበትም መልሶ እንደሚጮኽብን ማስታወሴ ነው፤ አሁን የምጣላው ከተለጠፈ ወረቀት ጋር ነው።

እማዬና እትዬ ዘሀራ ከዚያ ወዲያ አልተያዩም። የተለያዩት ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ ሰማይ ተከፍቶ ዝናቡ ጠበል ይሆናል በሚባልበት በሩፋኤል ዕለት ነበር።