በቀይ ቀለም የተጻፈው ስሜ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ዘመኑ ቢርቅም አልጋዬ ላይ ጋደም ባልኩ ቁጥር ይመጣብኛል። በቦታው ከነበሩት በቀር እስካሁን የነገርኩት ለንስሐ አባቴ ብቻ ነበር።

ጎንደር ውስጥ ብራና እየጻፍኩ የምኖር ወጣት ደብተራ ነበርኩ። እጁ ፈጣን ነው ይሉኝ ነበር፤ እኔም ሲሉኝ ልቤ ያብጥ ነበር። አንድ ቀን ከአምባ ጊዮርጊስ አንዲት ሴት መጣች። አባቷ አያ ደሴ በጠና ታመዋል፤ ከእንግዲህ እንደማይተርፉም አውቀዋል። ከሬሳ ጋር የሚቀበረውን የጸሎት ጥቅል እንድጽፍላቸው ለመነችኝ።

"ሳይደርስላቸው ከሞቱ ምን ይውጠኛል? ሌት ተቀን የሚጠይቁኝ እሱን ነው" አለች።

"በአምስት ቀን አደርሰዋለሁ" አልኳት። ሥራው ቢያንስ የሁለት ሳምንት ነበር።

ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ችግሬን ሳጫውተው አንድ እስር ጫት ሰጠኝ። "እንቅልፍ ያባርርልሃል። ስትተወው ግን ዱካክ እንዳይመጣብህ" አለኝ። ዱካክ የሚሉት ቃሚ ጫት ሲያቋርጥ በእንቅልፉ መጥቶ የሚጫነውን ነገር ነው። እኔ ግን ሳቅኩበት። የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲቅም መታየት ነውር ስለሆነ በሬን ዘግቼ ቃምኩ። ሲያልቅብኝም እየጨመረልኝ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ሦስት ቀን እንቅልፍ የሚባል ሳይነካኝ ጻፍኩ። በአራተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ከኋላዬ አንድ ሰው የምጽፈውን ሲያነብ ሰማሁ። ረጋ ያለ የሽማግሌ ድምፅ ነው። ዞር ብዬ ባይ ማንም የለም። ወደ ብራናው ስመለስ እንደገና ጀመረ። ጥቂት ካዳመጥኩ በኋላ ገባኝ፤ የሚያነበው የጻፍኩትን ሳይሆን ገና ያልጻፍኩትን ነበር።

መፍራት ሲገባኝ ደስ አለኝ። የደጋግ ሰዎችን እጅ መልአክ ይመራል ሲባል እየሰማሁ ስላደግኩ ለእኔም የተላከልኝ መሰለኝ። ጉንጬን በጫት ወጥሬ መልአክ መጣልኝ ማለቴ ዛሬ ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን እሱ እየነገረኝ፣ እኔ እየጻፍኩ ቀጠልን።

በእኛ ሙያ በየምልጃው የባለቤቱ የክርስትና ስም የሚገባበት ቦታ ክፍት ይተዋል፤ መጨረሻ ላይ በቀይ ቀለም ይሞላል። በአምስተኛው ቀን ጧት ሞላሁት። የአያ ደሴን የክርስትና ስም፣ ገብረ ኢየሱስን፣ እንደጻፍኩ ልምል እችል ነበር።

ሾፌሩ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ወሰደኝ። መንገድ ላይ ልተኛ ብል ዓይኔ እንቢ አለኝ። ድምፁም ከሞተሩ ጩኸት ስር ማንበቡን አላቆመም።

አያ ደሴ መደብ ላይ ተኝተዋል። አጥንትና ዓይን ብቻ ቀርተዋል። የንስሐ አባታቸው ጥቅሉን ተቀብለው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ስሙ ጋ ሲደርሱ ጥቅሉን ወደ ብርሃን አቀረቡ። ዘርግተው ሌላውን ቦታ አዩ፤ ከዚያም ሌላውን።

"ወልደ ሰንበት ማን ነው?" አሉ።

የእኔ የክርስትና ስም ነው። በዚያ ቤት የሚያውቀው ሰው አልነበረም። የሙታኑ ጸሎት በራሴ እጅ፣ ጥርት ባለ ቀይ ቀለም፣ ለራሴ ተጽፏል። የምሞተው እኔ መሰለኝ።

ጫቱንም ድምፁንም አንድ ሳላስቀር ተናዘዝኩ። ልጃቸው ማልቀስ ጀመረች። ስሜን ልፍቅ ካራ ባነሳ ስለቱ ስቶ ብራናውን ሊቀደው ምንም አልቀረው።

"ምነው ልጄ፣ ስንት ቀንህ ነው ሳትተኛ?" አሉኝ አያ ደሴ።

"አምስት፣ አያ።"

"በል እዚሁ ከጎኔ ተኛ። ስትነቃ ትጽፈዋለህ።"

"አንቱ ቢቀድሙኝሳ?"

"እጠብቅሃለሁ። ተኛ።"

ዓይኔ እንደተከደነ አንድ ነገር ደረቴ ላይ ተቀመጠ። መጮህም መንቀሳቀስም አቃተኝ። ያው ድምፅ ጆሮዬ ስር ስሜን ያነባል፤ ይደግማል። ከዚያ ቀዝቃዛ እጅ ግንባሬ ላይ አረፈ። "አለሁ ልጄ" አሉ አያ ደሴ። ክብደቱ ለቀቀኝ።

ስነቃ የማግስቱ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። አያ ደሴ ዓይናቸው ተከፍቶ ያዩኛል። ልጃቸው ኋላ እንደነገረችኝ፣ እንቅልፍ ከወሰዳቸው በዚያው እንዳይቀሩ ፈርተው እንድትቆነጥጣቸው አዘዋት ኖሯል። ክንዳቸው በልዟል።

ስሜን ፍቄ ስማቸውን ጻፍኩ። ትንፋሻቸው እያጠረ ስለነበር ቄሱ መጀመሪያውን ብቻ አነበቡላቸው። "ሸጋ ነው" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ በኋላ አልነቁም።

ጥቅሉን አቅፈው ተቀበሩ። ጎንደር ከገባሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ፍቄ ያስተካከልኩት ሰባት ቦታ ነው፤ ክፍት ትቼው የነበረው ግን ስምንት። ስምንተኛውን ዘልዬው ይሆን፣ ቆጠራው ተምታቶብኝ ይሆን፣ መቃብር ካልተከፈተ የሚያውቅ የለም።

ብዙ ዓመት ስሜ ከሬሳ ጋር ተቀብሮ ይሆን እያልኩ ስፈራ ኖርኩ። አንድ ምልጃ ሰርቄያቸው እንደሆነ እያልኩም አፍራለሁ። እንቅልፌም ከዚያ ወዲህ እንደ ሰው አልሆነልኝም። ፍርሃቱ ግን አሁን ለቆኛል። ስሜ እዚያ አፈር ውስጥ ካለ፣ ያለው እኔ እንድተኛ ብለው ሞታቸውን ያስጠበቁ ሰው ደረት ላይ ነው።